የአባት ስም የተነፈጋቸው የወረራ ዘመን ልጆች

የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ በመጀመሪያ የሚቆጠረው የወደቀው ሰው ነው፤ ቀጥሎ የተቃጠለው ቤት፣ የተነዳው ከብትና የተዘረፈው ቅርስ ይቆጠራል። ጦሩ ነቅሎ ከሄደ በኋላ በየጓዳው የሚያለቅሰው ሕፃን ግን በማንኛውም ወገን መዝገብ ላይ በቀላሉ አይገኝም። ያባረረው ወገን እንደ ውርደት ምልክት ያየዋል፤ ተባርሮ የሄደው ይክደዋል፤ እናቲቱም ብዙውን ጊዜ ዝምታን ትመርጣለች። ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በያዘችባቸው አምስት ዓመታት የተወለዱት ክልስ ልጆች ዕጣ ይኸው ነበር። በነሱ ላይ የደረሰው ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለው፤ ወራሪው መንግሥት ልጆቹን በዝምታ በማለፍ ብቻ አልተወሰነም፣ አባት እንዳይኖራቸው በሕግ ደንግጓል።

ዛሬ ንፋስ ስልክ-ላፍቶ የሚባለው ክፍለ ከተማ በዚያ ዘመን አብዛኛው የገበሬ ማሳና የከብት መሰማሪያ ነበር። «ንፋስ ስልክ» የሚለው ስም ሕዝቡ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈውን ቴሌግራፍ በራሱ አንደበት የሰየመበት ቃል ነው፤ ሰፈሩም በዚሁ ስም ቀረ። ከከተማው ወደ ደቡብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወጡት መንገዶች፣ በሳሪስ በኩል ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደውና ወደ ጅማ የሚያመራው፣ ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በኋላ የወታደር፣ የከባድ መኪና ነጂና የመንገድ ሠራተኛ መመላለሻ ሆኑ። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የተላከው የኢጣልያ ወታደርና ሠራተኛ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ሚስቱን ይዞ የመጣው እጅግ ጥቂት ነበር።

የቅኝ ገዢው የከተማ ፕላን ነጭና ጥቁር ተለያይተው እንዲኖሩ ያዝዛል። ለአገሬው ሕዝብ ገበያና ሰፈር በምዕራብ በኩል ተከለለለት፤ ለመንግሥት ሠራተኞች በተሠሩት ቤቶች ስም ደግሞ ካዛንቺስ ተሰየመ። በወረቀት ላይ የተሰመረው መስመር ግን የዕለት ኑሮን ሊከፍል አልቻለም። ልብስ የሚያጥብ፣ እንጀራና ወጥ የሚያቀርብ፣ ጠላና ጠጅ የሚሸጥ፣ ከገበያ ዕንቁላልና ዶሮ የሚያመጣ የአገሬው ሰው ነው፤ ይህንንም ሥራ በአብዛኛው የያዙት ሴቶች ነበሩ። ባል በጦርነት የሞተባት፣ ዘመዶቿ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት ያለቁባት፣ ወይም ከገጠር ሸሽታ ከተማ የገባች ሴት የምትመርጠው ብዙ አልነበራትም። በኃይል የተደፈሩትም ነበሩ። ስለዚህ ስለነዚህ ልጆች ሲነገር የሁሉም እናት በፈቃዷ ገባች ማለት አይቻልም፤ ሁሉም ተገደደች ማለትም እንዲሁ እውነትን ማጥበብ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ቦታ የችግር ቦታ ነው።

ኢጣልያኖቹ ይህን ግንኙነት የሚጠሩበት የራሳቸው ቃል ነበራቸው። ሴቲቱን «ማዳማ»፣ አኗኗሩንም «ማዳማቶ» አሉት። ልማዱ በመጀመሪያ የተስፋፋው በኤርትራ ቅኝ ግዛት ሲሆን፣ ሰበብ ያደረጉት የአገሩን የደሞዝ ጋብቻ ነው። የደሞዝ ጋብቻ በሽማግሌ ፊት የሚፈጸም ውል ነው፤ ሴቲቱ በወር ወይም በዓመት የሚከፈላት ይወሰናል፣ ጊዜው ሲያበቃም ተሰነባብተው ይለያያሉ። ቤተ ክርስቲያን ባትባርከውም ልማዱ ለልጁ ይጠነቀቅ ነበር፤ ከደሞዝ የተወለደ ልጅ አባቱ የታወቀ ነው፣ ይረዳል፣ ይወርሳል። የውጭው ወታደር ከዚህ ልማድ የወሰደው የሚመቸውን ግማሽ ብቻ ነበር። ክፍያውንና ጊዜያዊነቱን ወሰደ፤ ሽማግሌውንና የልጁን መብት ተወ። የአገሬው ሴት ባል አገባሁ ስትል እሱ ገረድ ቀጠርሁ ይል ነበር፤ የብዙው በደል ሥር ያለው በዚህ አለመግባባት ውስጥ ነው፣ ያውም አለመግባባቱ ሁልጊዜ ቅን አልነበረም።

ፋሽስቶች ወደ ጦርነቱ ሲዘምቱ ወጣቱን ያነቃቁት የሐበሻ ሴት ልጅን ውበት በሚያሞግስ ዘፈን ነበር። «ፋቼታ ኔራ» የተባለው ዘፈን በ1927 እና በ1928 ዓ.ም. በመላው ኢጣልያ ተዘፍኗል። ኢምፓየር ታወጀ ከተባለ በኋላ ግን ያው መንግሥት ዘፈኑን ይጠላው ጀመር፤ ወታደሩ የተጋበዘበትን ነገር ወንጀል ለማድረግም አንድ ዓመት አልፈጀበትም። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከቅኝ ግዛቱ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ኢጣልያዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። ሕዳር 8 ቀን 1931 ዓ.ም. የወጣው የዘር ሕግ ደግሞ ኢጣልያውያን «አርያ» ካልሆነ ዘር ጋር እንዳይጋቡ ከለከለ።

በ1929ኙ ሕግ የፈረዱት ዳኞች የገጠማቸው ጥያቄ ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን ለልብ ወለድ ደራሲም የሚበቃ ነው። ሕጉ የሚቀጣው አብሮ መኖርን እንጂ ሴትን በገንዘብ መግዛትን አልነበረም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ የፍቅር ምልክት ይፈልግ ጀመር። ተከሳሹ ከሴቲቱ ጋር በአንድ ማዕድ በልቷልን? ልብስ ገዝቶላታልን? ስትታመም አስታሟታልን? ሲዛወር ይዟት ሄዷልን? ልጅ ይወልዱ ዘንድ ተመኝቷልን? እነዚህ በአንድ ሰው ላይ በተገኙ ጊዜ ጥፋተኛነቱ ይረጋገጥ ነበር። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ደስታውን ፈጽሞ፣ ስሟን ሳይጠይቅ የሄደው በነፃ ይለቀቃል። የአንድ መንግሥት ሕግ የሰውን ደግነት እንደ ማስረጃ ቆጥሮ የፈረደበት ጊዜ በታሪክ ብዙ አይደለም።

ልጆቹን በቀጥታ የሚመለከተው ሕግ የመጣው በመጨረሻ ነው። ቀደም ሲል፣ በ1925 ዓ.ም. ለኤርትራና ለሶማሊያ የወጣው ሕግ፣ አባቱ ያልታወቀ ክልስ በመልኩና በአስተዳደጉ ተመዝኖ የኢጣልያ ዜግነት የሚያገኝበትን ቀዳዳ ትቶ ነበር። ልጅን በቆዳው ቀለምና በአፍንጫው ቅርጽ መመዘን ራሱ አሳፋሪ ቢሆንም ቀዳዳው ቀዳዳ ነው። ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 822 ሕግ ይህንንም ደፈነው። በአዲሱ ድንጋጌ መሠረት ክልስ ልጅ የአገሬው ወላጁን ደረጃ ይይዛል፤ ኢጣልያዊ አባቱ ልጄ ነው ብሎ ሊያስመዘግበው አይችልም፤ የአባቱን የቤተሰብ ስም መጠራት አይፈቀድለትም፤ ቀለቡም ትምህርቱም በአገሬው ወላጅ ትከሻ ላይ ብቻ ይወድቃል። ለክልስ ልጆች ተለይተው የሚቋቋሙ ትምህርት ቤቶችና አዳሪ ቤቶች፣ የሚስዮን ድርጅቶች የሚያቋቁሟቸው እንኳ ሳይቀሩ፣ ተከለከሉ።

ሕጉ በወጣ በአራተኛው ሳምንት ኢጣልያ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገባች። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢት ወር 1933 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ ደረሰ። እንግዲህ ያ ድንጋጌ በዋና ከተማችን በተግባር ላይ የዋለው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ሆኖም በነዚያ ወራትና ከነዚያ በፊት የተወለዱትን ልጆች ሕይወት እስከ እርጅናቸው ድረስ ሲከተል ኖሯል፤ በ1939 ዓ.ም. የኢጣልያ ሪፐብሊክ ሕጉን ሲሽረው አብዛኞቹ አባቶች ወይ ሞተዋል፣ ወይ አገራቸው ገብተው ሌላ ትዳር መሥርተዋል።

በሌላው ወገን ያለው የሕግ ሁኔታ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነበር። በሐምሌ 1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ በመጀመሪያው አንቀጽ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ቢወለድ፣ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። «ወይም» የምትለው አንዲት ቃል ለነዚህ ልጆች ትልቅ ነገር ነበረች። ኢጣልያ ተገዢ ናችሁ እንጂ ልጆቼ አይደላችሁም ስትል፣ ኢትዮጵያ በእናታቸው በኩል ዜጎቿ አድርጋ አስቀድማ ቆጥራቸው ነበር። ችግሩ ሕጉ ሳይሆን ሰፈሩ ነው።

በአገራችን ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው። የቤተሰብ ስም የለም፤ ስለዚህ አባት የሌለው ልጅ የስሙ ግማሽ ይጎድልበታል። የቄስ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ዳኛ ፊት ሲቆም፣ ሥራ ሲቀጠር «ማን የማን ልጅ?» ተብሎ ይጠየቃል። ብዙዎቹ ይህን ክፍተት የሞሉት በእናታቸው አባት ስም ነበር። አያት አባት ሆኖ ይጻፋል፤ እናት በወረቀት ላይ እንደ እህት ትመስላለች። ሌሎች ያሳደጋቸውን የእንጀራ አባት ስም ወሰዱ። እናቲቱ ደፋር የሆነች እንደሆነ የፈረንጁን የመጠሪያ ስም በልጁ ስም ላይ ትቀጥለዋለች፤ ምንም እንኳ ሰውየው የተመዘገበበትን የቤተሰብ ስም ባታውቀው፣ ብታውቀውም መጻፍ ባትችል፣ ጆቫኒ ወይም ማርዮ የሚለው ለሷ በቂ የአባት ስም ነው። ይህ ዘዴ ለአገሩ ኑሮ በቅቷል። ከብዙ ዓመት በኋላ በቆንስላ ጽሕፈት ቤት አባትን ለማስመስከር ሲፈለግ ግን የመጠሪያ ስም ብቻ ማስረጃ ሊሆን አልቻለም።

የሰፈሩ አንደበት ምሕረት አልነበረውም። «ዲቃላ» የሚለው ቃል በጎረቤት ጠብ ሁሉ ይመዘዛል፤ «የሶልዳቶ ልጅ»፣ «የባንዳ ልጅ» የሚሉትም ይከተላሉ። አርበኛው በዱር በገደል ሲንከራተት ከጠላት ጋር በላች የተባለች እናት ከነጻነት በኋላ አንገቷን ቀና አድርጋ ለመሄድ ዓመታት ፈጅቶባታል። ይሁን እንጂ ከዚሁ ጎን ለጎን ሌላ እውነት ነበረ። ልጁ በአርባ ቀኑ፣ ልጅቱም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ የክርስትና አባትና እናት ይኖራቸዋል፤ ማኅበርና ሰንበቴ ሲዞር ከሌሎቹ ልጆች ጋር አብረው ይበላሉ። ሕዝቡ ቃሉን አምርሮ ሲናገር እጁ ግን አልጨከነም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ባሰሙት ንግግር ክፉን በክፉ እንዳይመልሱ ሕዝባቸውን አሳስበዋል። በዚህም የተነሣ በከተማው በነበሩት ኢጣልያውያን ላይ የተፈራው በቀል አልደረሰም። እንግሊዞች ግን እንዲወጡ አጥብቀው በመፈለጋቸው ወንዶቹ በምርኮኛነት ወደ ኬንያ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ሕንድ ተወሰዱ፤ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ በሽተኞችና ሽማግሌዎች በ1934 እና በ1935 ዓ.ም. ነጭ ቀለም በተቀቡ ትላልቅ መርከቦች፣ ሳቱርኒያና ቩልካኒያን በመሰሉት፣ አፍሪካን ዞረው ወደ ኢጣልያ ተመለሱ። መርከቦቹ የመጡት የኢጣልያን ዜጎች ለመውሰድ ነው፤ በ1932ቱ ሕግ መሠረት ደግሞ የሐበሻ እናት ልጅ ዜጋ አልነበረም። በወደብ የተሰናበተ አባት ቢኖር ልጁን ይዞ የሚሳፈርበት ወረቀት አልነበረውም ማለት ነው።

ሁሉም አልሄዱም። የተደበቁም፣ ሙያቸው ለአገሩ ስላስፈለገ እንዲቀሩ የተፈቀደላቸውም ነበሩ። ኢጣልያኖች እነዚህን «ኢንሳቢያቲ» ይሏቸዋል፤ አሸዋ ውስጥ የሰመጡ እንደ ማለት ነው፣ ስሙ ከንቀት ያልራቀ ቢሆንም። መካኒክ፣ ግንበኛ፣ አናጢ፣ የከባድ መኪና ነጂ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ከሐበሻ ሚስታቸው ጋር ቤት መሥርተው ልጆቻቸውን ሙያ አስተማሩ። የመኪና ቋንቋችን እስከ ዛሬ የነሱ ቋንቋ ነው፤ ጎማ፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቺንጊያ የሚሉትን ቃላት በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ በተደረደሩት ጋራዦች ውስጥ የሚናገረው ወጣት ከየት እንደመጡ ላያስብ ይችላል። አባቱ አብሮት የኖረ ክልስና አባቱ የጠፋበት ክልስ በአንድ ሰፈር ቢያድጉም ዕድላቸው የተለያየ ነበር፤ የመጀመሪያው መፍቻ ይዞ ሲወርስ ሁለተኛው ተቀጥሮ መማር ነበረበት።

መንግሥታቱ በበኩላቸው ሒሳባቸውን ዘጉ። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍልና የዘረፈችውን ቅርስ እንድትመልስ ያስገድዳል። ካሣው በ1948 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወረደ፤ የቆቃ ግድብም በዚሁ ገንዘብ ተሠራ። የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሐውልት፣ ስለ ድንበር ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ልጆቹ ቀለብ የተጻፈ አንቀጽ ግን አልነበረም።

ይህ ትውልድ ለሕዝብ በአደባባይ የታየበት አንድ ቀን አለ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ኢትዮጵያ ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ከግብጽ ጋር ተጋጠመች። የብሔራዊ ቡድናችን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። ሉቺያኖ በ1927 ዓ.ም. ማለቂያ፣ ጦሩ ለወረራ በሚከማችበት ሰዓት፣ ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣልያዊ ወታደር በአሥመራ የተወለደ ነው። አባቱ ሄደ፤ ልጁ በእናቱ እጅ፣ ከሁለቱም ወገን በሚወረወር ስድብ መካከል አደገ። መካኒክነት ተማረ፣ ኳስም ተጫወተ፤ በኋላም ድሬዳዋ ወርዶ ለጥጥ ፋብሪካው ቡድን ተሰለፈ። በዚያ ቀን ግብጾች ሁለት ጊዜ መርተው ሁለት ጊዜ አቻ ሆኑ፤ ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሲያልፍ ኢትዮጵያን ወደ ፊት ያሻገረችውን ሦስተኛዋን ጎል በ101ኛው ደቂቃ ያገባው የሉቺያኖ ታናሽ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ነበር። አራተኛዋን መንግሥቱ ወርቁ ጨመረ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ፋሽስት ከተባረረ ሃያ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ኢጣልያ በጉልበት ከዙፋናቸው ያነሣቻቸው ንጉሠ ነገሥት ዋንጫውን ለአንድ የኢጣልያ ወታደር ልጅ አስረከቡ። በስታዲየሙ ያለው ሕዝብ «ዲቃላ» አላለም፤ በስሙ ጠራው።

ሉቺያኖ ከአብዮቱ በኋላ አገሩን ለቆ በኢጣልያ ኖረ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. እዚያው ዐረፈ። እሱ ብቻም አልነበረም፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ድርጅትና ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙ ክልስ ቤተሰቦች ወደማያውቁት የአባታቸው አገር ተሰደዋል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1965 የተወለደችው ደራሲ ጋብሪየላ ገርማንዲም በ1979 ከነዚሁ ጋር ሄዳ፣ በ2007 የአርበኞችንና የወረራውን ዘመን ታሪክ በኢጣልያንኛ ልብ ወለድ አቅርባለች። የአባቶቹ አገር ስለ ራሱ ያልነገረውን የልጅ ልጅ በራሱ ቋንቋ ነገረችው ማለት ይቻላል።

በኢጣልያ ነገሩ ገና አልበረደም። በ1928ቱ ጦርነት በመኮንንነት የዘመተው ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ እ.ኤ.አ. በ1969 በቴሌቪዥን ቀርቦ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረድ ገዝቶ እንደነበር ያለ አንዳች እፍረት ተናገረ፤ አሥመራ የተወለደችው ኤልቪራ ባኖቲ በዚያው መድረክ ተነሥታ በአውሮፓ ቢሆን ይህን ምን ትለው ነበር ብላ ሞገተችው። ሚላኖ ላይ የቆመለት ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 ቀለም ተደፍቶበታል። ሌሎች አገሮች ከዚህ ራቅ ብለው ሄደዋል። ኖርዌይ ከጀርመን ወታደሮች ጋር በነበራቸው ግንኙነት የተቀጡትን ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2018 በመንግሥት ደረጃ ይቅርታ ጠይቃለች። ቤልጅግ በኮንጎ ከእናቶቻቸው የነጠቀቻቸውን ክልሶች በ2019 ይቅርታ ጠየቀች፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የብራስልስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ድርጊቱን በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ብሎ ለአምስት ሴቶች ካሣ ፈርዶላቸዋል።

የ822ቱ ሕግ በወጣበት ዓመት የተወለደ ሰው በሕይወት ካለ ዛሬ ሰማንያ አምስት ዓመት አልፎታል። አባትን የመፈለጉ ሥራ አሁን የልጅ ልጆች ሆኗል፤ በእጃቸው የሚገኘውም አብዛኛውን ጊዜ በአሥመራ ወይም በአዲስ አበባ የፎቶግራፍ ቤት የተነሣ፣ የወታደር ልብስ የለበሰ ሰው ምስልና ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ አንድ የመጠሪያ ስም ነው።